ጀልባ ጨምሮ፣ ሦስት ሌሊት

መርሳ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018

ይድረስ ለልጄ ለዓሪፍ፣ ጅቡቲ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። ሩቁን የሚያቀርብ አላህ ይህን ወረቀት በጤናህ ላይ ያድርስልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሲቲ ጉልበቷን ያማታል፤ ቢሆንም አንተን ለማንሳት ጉልበት አያስፈልጋትም፤ ስምህን ሳትጠራ የምትውልበት ቀን የለም። እህቴ አንተን በስድስት ዓመትህ ትታልን ከሞተች ጀምሮ ሲቲ ከወለደቻት ከናጅዋ ለይታህ አታውቅም።

ስልክ አልደወለልኝም ብለህ አትቀየመኝ። ከነሐሴ ወዲህ ኔትወርኩ ወረዳችንን ሐብሩን ረስቷታል። ለመደወል ወልድያ መውጣት አለብኝ፤ ወልድያ ስወጣ ደግሞ ያንተ ስልክ አይነሳም። ለነገሩ ሲሪንቃ የምርምር ማዕከል ሠላሳ ዓመት የማሽላ መደብ ስመዘግብ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ወጣሁ ብዬ ብዕር አልጥልም። ደብዳቤዎቻችንን ሀይሉ ያመላልስልናል፤ የጎረቤታችን የየሺ ወንድም፣ ሾፌሩ። በሐራ፣ በጭፍራ አድርጎ ሚሌ ወጥቶ እናንተ ዘንድ ወደብ ይገባል።

የምጽፍልህ ለአንድ ጉዳይ ነው። ናጅዋ እህትህ ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቀች ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። ሥራ የለም። ማመልከቻ ያላስገባችበት መሥሪያ ቤት አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ከወልድያ ስትመለስ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች፤ ባጃጅ ተራው አጠገብ ነው የሚታደለው አለችኝ። «የደሴት ሽርሽር በጅቡቲ፤ ሦስት ሌሊት፣ ምግብና ጀልባ ጨምሮ» ይላል። አሥራ ሁለት ሺህ ብር ነው። ፓስፖርት አያስፈልግም ይላል። በእጅ ተጽፎ በፎቶ ኮፒ የተባዛ ነው፤ ከዳር በኩል ትንሽ የማሽላ ዛላ ተስሎበታል። ለባሕር ማስታወቂያ ማሽላ ምን ያደርግለታል ብዬ ሳቅሁ።

እሷና ሦስት ጓደኞቿ ለመሄድ ቋምጠዋል። «አባባ፣ እዚህ ተቀምጬ ከማረጅ ባሕር አይቼ ልምጣ» ትለኛለች። እኔ ውሃ ምኑ ይታያል የምል ሰው አይደለሁም፤ በጎረምሳነቴ ሐይቅን ለማየት ብዬ ሁለት ቀን በእግሬ ሄጃለሁ። ግን የዚህን ገበያ አላውቀውም። አንተ ደግሞ ሰው በጀልባ ወደ ደሴት የሚወስድ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ስለዚህ የምጠይቅህ ይህን ብቻ ነው፤ ዋጋው ደህና ነው? ከዚህ የረከሰና የታመነ ታውቃለህ?

ሀይሉ አንድ ጆንያ ብርቱካን ይዞልሃል። ከበሩ አጠገብ ካለው፣ አንተ ከተከልከው ዛፍ ነው።

አጎትህ አብዱልሐሊም


ጅቡቲ፣ ኅዳር 6 ቀን 2018

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። እጅዎን፣ የእማ ሲቲንም ጉልበት በሩቁ እስማለሁ። አላህ ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ የጓሮዎን ውሃ አያንጥፍብን። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው ሥራ በዝቶ ነው፤ ሙቀቱ ሲበርድ ደሴት የሚያምረው ሰው ይበዛል።

ስለ ዋጋ ጠይቀውኛል። የዚህን ሥራ ነገር ልንገርዎት። የደሴት ሽርሽርን የሚያስወድደው አልጋው አይደለም፤ ጀልባው ነው። ድንኳን ሁሉም ጋ አንድ ነው፣ ዓሣውም አንድ ነው። ሐሙስና ዓርብ የከተማው ሰው ስለሚወጣ ጀልባው ይወደዳል፤ ከእሑድ እስከ ረቡዕ በግማሽ ይረክሳል። አራት ሰው ለብቻው ከሚከራይ ከሌላ ቤተሰብ ጋር ተደርቦ አሥር ቢሞላ ይሻላል። ምግብ ከቤት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ያተርፋል። ነፋስ የሚበረታበትን ወር የሚሸሽ ደግሞ ገንዘቡንም ሆዱንም ያድናል፤ ባሕር ላይ የሚያስታውክ ሰው ዓሣ አይበላም። ዋጋ ሲነግሩዎት ሦስት ነገር ይጠይቁ፤ ጀልባው አለበት ወይ፣ ድንኳኑ አለበት ወይ፣ የሚጠጣው ውሃ አለበት ወይ። ደሴቱ ላይ ምንጭ የለም።

የእኛ ቢሮ እንግዶች ሁሉም ፓስፖርት አላቸው፤ የእኛ ዋጋም ወረቀቱ ላይ ካለው በብዙ ይበልጣል። ወረቀቱን ግን አላውቀውም። እዚህ ሰው የፈለገውን ጽፎ ያባዛል። ናጅዋ ብትታገሥ መልካም ነው፤ ባሕሩ የትም አይሄድም።

ለእማ ሲቲ ጉልበት መታከሚያ በሀይሉ እጅ ትንሽ ብር ልኬያለሁ። ደሴ ወስደው ያሳክሟት። በርትቼ እልካለሁ፤ ስለ ገንዘብ አታስቡ።

ልጅዎ ዓሪፍ


መርሳ፣ ኅዳር 14 ቀን 2018

ይድረስ ለልጄ ለዓሪፍ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ። ሰላማችን ብዙ ነው፤ ቤቱም ከብቱም ደህና ነው። ብርቱካኑ እንዴት ነበር ብዬ አልጠይቅህም፤ ልብህ ሌላ ቦታ ሆኖ እንደበላኸው ከደብዳቤህ አውቄያለሁ።

ብሩ ደርሷል። ሲቲ ስታየው ደስ ከማለቷ በፊት «ልጄ ይህን ያህል ከየት አገኘ?» አለች። እኔም ብሩን ከእጇ ተቀበልኳት። ሳጥኑ ግርጌ አስቀምጬዋለሁ። ከየት እንደመጣ እስክትነግረኝ እዚያው ይቆያል፤ የሲቲ ጉልበትም ይታገሣል።

ስለ ዋጋ የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥሩ መምህር ነህ። ሦስት ነገር ይጠይቁ ብለኸኛል። አራተኛውን ግን ረስተኸዋል፤ ጀልባው ሰውን መልሶ ያመጣል ወይ? እኔ ሐይቅ የሄድኩ ጊዜ መጀመሪያ የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ናጅዋ ቀብድ ከፍላ ትኬት ተሰጥቷታል። ተቀብዬ አየሁት። የጀልባ ትኬት ነው፤ «መሄጃ» ይላል። ገለበጥኩት፤ ከጀርባው ምንም የለም። መመለሻውስ ብላት «እዚያ ይገዛል፣ እዚያ ይረክሳል» አለችኝ። ስትነግረኝ ዓይኔን አላየችም።

ቀብዱን ከየት አመጣሽው አላልኳትም። የጆሮ ወርቋ የለም። ሲቲም አይታለች፣ እኔም አይቻለሁ። ሃያ አራት ዓመት የሞላትን ልጅ እግሯን አላስርም። ባስራትስ ዝም ብላ መሄድን አስተምራታለሁ እንጂ ምን አተርፋለሁ?

የየሺን ልጅ ዳዊትን ታስታውሰዋለህ። በጳጉሜን በዚሁ ወረቀት ሄዷል። ሦስት ሌሊት የተባለው ሦስት ወር ሊሞላው ነው። የሺ ለመስቀል ይመጣል አለች፤ መስቀል አለፈ። አሁን ለገና ትላለች። በየጠዋቱ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ አስፋልቱን ታያለች። እኔ ደግሞ እሷን ላለማየት ብዬ በጓሮ በኩል መውጣት ጀምሬያለሁ። አንተ ወደብ አካባቢ ነህና ልጁን አይተኸው ታውቃለህ?

መልስህን ቶሎ ጻፍልኝ። ደብዳቤህ ስለ ዋጋ ብቻ ባይሆን ደስ ይለኛል።

አጎትህ አብዱልሐሊም


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018

ይድረስ ለአጎቴ

አሰላሙ ዓለይኩም። አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ፤ ለእኔም ዱዓ አድርጉልኝ።

ሀይሉ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ለመጻፍ ተቀምጬ እነሳለሁ።

ናጅዋን አይልቀቋት። በምንም ብለው ያስቀሯት። ባሕር ካማራት እኔ አሳያታለሁ። ፓስፖርት አውጡ፤ ለሦስት ሰው፣ ለአንቱ፣ ለእማ ሲቲ፣ ለእሷ። ከጥር በኋላ ነፋሱ ሲበርድ የረከሰ ሳምንት እመርጣለሁ። ደህና ጀልባ፣ መቀመጫ ያለው፣ የሕይወት ጃኬት ያለው፣ ደርሶ መልስ ተጽፎበት። ደሴቱ ላይ የዛፍ ጥላ አለ፤ ውሃው ጉልበት ድረስ እንደ መስታወት የጠራ ነው፤ እማ ሲቲ እግሯን ብትነክር ያሽራታል ይላሉ። ወጪውን ሁሉ እኔ እችላለሁ።

ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ወረቀቱን ወልድያ ላይ የሚያድለው ማን እንደሆነም አያጠያይቁ፤ የማይሆኑ ሰዎች ናቸው። ደብዳቤዎቼንም ለሰው አያንብቡ።

ስለ ዳዊት የሰማሁት ነገር የለም።

ልጅዎ ዓሪፍ


መርሳ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2018፣ ሐሙስ

ይድረስ ለዓሪፍ

ሰላም ለአንተ ይሁን። ሰላምታውን ያሳጠርኩት ሀይሉ መኪናውን አስነስቶ ደጅ ስለቆመ ነው።

ናጅዋ ትናንት ጠዋት ሄዳለች። ውርጌሳ ጓደኛዬ ዘንድ ልደር ብላ ነው የወጣችው። ዛሬ ጓደኛዋ ራሷ እዚህ መጥታ «ናጅዋ የለችም ወይ?» አለችኝ። አራቱም ልጆች ከየቤታቸው የሉም። ወልድያ ወጥቼ አምስት ጊዜ ደወልኩልህ። ይጠራል፣ አይነሳም። ከዚህ ወረቀት በአንድ ቀን መንገድ ትቀድማለች። ሀይሉ አልተኛም ብሎኛል። የሚደርስባት እሱ ነው፤ የምታስቀራት አንተ ነህ።

ሌላውንም እወቀው። አታጠያይቁ ብለህ ነበር። አገር ግን ጠየቀ። ወረቀቱ ከመርሳና ከገጠሩ አሥራ አንድ ልጅ ወስዷል፤ ማንም አልተመለሰም። ፖሊስ ጋ ሄድን፤ መዘገቡልን። በኋላ ሰው ተሰብስቦ የአገር አስታራቂያችን አበጋሩ ሸህ ኡበይደላ ዘንድ ሄደና የድሮው አውጫጭኝ ይቀመጥልን አለ። ከአባቴ ዘመን ወዲህ ሲደረግ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሁለት ጁምዓ ተቀመጥን። እስላሙም ክርስቲያኑም፣ አብሮ የሚቀብረው የአንድ ቅሬ ሰው ሁሉ፣ ከሾላው ሥር። ማንም ተነስቶ ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ሱቁ ይዘጋል፣ ከብቱ በረት ይውላል። እያንዳንዱ ተራ በተራ አበጋሩ ፊት ቀርቦ «ያየሁትን ብደብቅ ዘሬ አይባረክ» ብሎ ይምላል። የሚያውቅ ሰው ካለ አደባባይ አይናገርም። ለአበጋሩ ጆሮ ብቻ ይነግራል። እሱን ሰው «ወፍ» ይሉታል፤ ወፍ ነገረኝ ይባላል እንጂ እከሌ ነገረኝ አይባልም። ማን እንደነበር እስከ መቃብር አይወጣም።

የመጀመሪያው ጁምዓ ወፍ ሳይገኝ ተበተንን። በሁለተኛው ወፍ ተናገረ። ሸህ ኡበይደላ እኔ አጠገብ ተቀምጦ ምድሩን እያየ «ወረቀቱን የጻፈው ያንተው ነው» አለኝ።

ስሙ የተጠራ ሰው ራሱ መጥቶ ይምላል ወይም ያምናል። ረመዳን ሳይገባ ካልመጣ ከቅሬ ይወጣል። ሲሞት የሚቀብረው የለም፤ ቤተሰቡም ቢታመም ደጁን የሚረግጥ የለም። እኔ ስለ ቅሬው አይደለም የምጨነቀው። ልጄ መንገድ ላይ ናት።

አብዱልሐሊም


ጅቡቲ፣ ታኅሣሥ 27 ቀን 2018

ይድረስ ለአጎቴ

በየትኛው ሰላምታ እንደምጀምር አላውቅም። ናጅዋ በሕይወት አለች። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልዎትም እሷ ናት። ሀይሉ ከእጄ ወረቀት አልቀበልም ብሏል።

ወረቀቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በሰኔ የቢሮው ባለቤት ጠራኝና «ለአገርህ ሰዎች በአማርኛ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» አለኝ። ነገሩ ምን እንደሆነ ያን ዕለት አላወቅሁም፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን አውቄያለሁ። ደሴት የለም። ጀልባው ወደ የመን የሚሻገረው ጀልባ ነው። ሦስቱ ሌሊት ጀልባው እስኪመጣ ባሕር ዳር ጥሻ ውስጥ የሚታደርበት ሌሊት ነው። ምግቡ ሩዝ ነው። እና እኔ ምን አልኩ? ጀልባ አልኩ፣ ጀልባ አለ። ሦስት ሌሊት አልኩ፣ ሦስት ሌሊት ነው። ምግብም አለ። የዋሸሁት ደሴቱን ብቻ ነው፤ እሱንም የሚሄደው ሰው ውሸት መሆኑን ያውቀዋል፣ ለፍተሻና ለወላጅ የሚነገር ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሚሳፈረው ሰው ቁጥር ይከፈለኝ ነበር። ለእማ ሲቲ ጉልበት የላክሁት ከዚያ ነው። ሳጥኑ ግርጌ መቅረቱን ሳነብ አለቀስኩ።

ዳዊትን ያሳፈርኩት እኔ ነኝ። ሲያየኝ ደስ ብሎት አቀፈኝ። «አንተ ካለህበትማ» አለኝ። ያ ጀልባ አልደረሰም። በአምስተኛው ቀን ነው የሰማሁት። አንቱ ስለ ዋጋ ሲጽፉልኝ አውቅ ነበር። ሀይሉ ደብዳቤ ባመጣ ቁጥር «የእህቴን ልጅ አላየህም?» ይለኛል። አላየሁም እለዋለሁ። አንዴ ሻይ ጋብዞኝ ነው እንዲህ ያልኩት።

የስልኩንም ልንገርዎት። አምስቱንም ጊዜ ሲጠራ እያየሁት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ሀይሉ መጣ። ደብዳቤውን ከመኪናው አጠገብ ቆሜ አነበብኩና «ሰዎቹ ያሉበትን አውቃለሁ፣ ውሰደኝ» አልኩት። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነዳን። ስንደርስ ጸሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። አሥራ ስምንት ሰው ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጧል። ናጅዋ ሻርፗን በራሷ ላይ ጥላ ጫማዋን ስታራግፍ አገኘኋት።

«ተነሺ» አልኳት። አልተነሳችም። መሄጃ ብቻ መሆኑን ከመጀመሪያው እንደምታውቅ ነገረችኝ። ሽርሽር የምትለው ለአንቱ ነበር። «አባባን ጥዬው ባሕር ተሻግሬ እንደምሄድ ልነግረው አልቻልኩም» አለች። ከዚያ ይህን አለችኝ፤ «ጽሕፈቱ ያንተ መሆኑን አውቄ ነው የመጣሁት። አንተ ከጻፍከው አንተ ትኖራለህ፣ አንተ ካለህ አልሞትም ብዬ ነው።»

አጎቴ፣ ዳዊትም ያለው ይህንኑ ነበር።

ያኔ ለሁሉም ተናገርኩ። የጳጉሜኑ ጀልባ አልደረሰም፣ ሰባ ሰው ነበረበት፣ ዳዊትም ነበረበት፣ ያሳፈርኩት እኔ ነኝ አልኩ። ሀይሉ ከኋላዬ ቆሞ እንደነበር ረስቼ ነበር። ዘወር ስል በነጠላው ፊቱን ሸፍኖ ጎማው ሥር ተቀምጧል። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ተነሳና የጭነቱን በር ከፈተ። «የሚመለስ ካለ ይሳፈር» አለ። ድምፁ አልተለወጠም።

ናጅዋ ያንን ትኬት አውጥታ መዳፌ ላይ አስቀምጣ ወደ መኪናው ሄደች። ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንዱ ተመለሱ። ሰባቱ አልተነሱም። ለምኜ የምመልሳቸው መስሎኝ ነበር፤ አንዷ ግን «አንተ የወር ደመወዝ አለህ» አለችኝና ፊቷን አዞረች።

ወደ ቢሮው አልተመለስኩም። አንድ የአገር ሰው ቤት ተቀምጫለሁ። ስሜን ማን እንደጠራ አልጠይቅዎትም፤ ወፍ አይጠየቅም። ለመምጣት ግን እፈራለሁ። የሺን የማይበት ዓይን የለኝም። ይቅር፣ አፉ በሉኝ ማለትም ከብዶኛል፤ እንዲያው ደህና ይሁኑ።

ዓሪፍ


መርሳ፣ ጥር 8 ቀን 2018

ይድረስ ለልጄ ለዓሪፍ

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካትሁ። የጠፋውን የሚመልስ፣ የተመለሰውን የሚያጸና አላህ ካንተ ጋር ይሁን።

ናጅዋ ገብታለች። ድንበሩን በእግር ተሻግረው ሀይሉ ማዶ ጠብቆ አመጣቸው። አራት ቀን አላናገረችኝም። በአምስተኛው ቀን ሲቲ የጆሮ ወርቅ የሚመስል ነገር ከገበያ ገዝታ ጆሮዋ ላይ ስታደርግላት አለቀሰች፤ ከዚያ በላች። እኔም «ጥለሽኝ ልትሄጂ ነበር?» አልኳት። «አዎ» አለችኝ። ከዋሸችኝ ቀናት ሁሉ ይህ ቃል ይሻለኛል። ሥራ አሁንም የለም። በቆሎም ቢሆን አብረን እንዘራለን ብያታለሁ፤ አልሳቀችም።

ሀይሉ ያወቀውን ይዞ ገናን ዋለ። ከእህቱ ጋር ማዕድ ቆረሰ፣ ሳቀላት። በዓል ሳያልፍ መርዶ አይነገርም። በማግስቱ ማለዳ ሄድን፤ ሸህ ኡበይደላ፣ ቄሱ፣ እኔ። የሺ ገና በሩን ስትከፍት ስንት ሆነን እንደመጣን ቆጠረችና መሬት ተቀመጠች። ቅሬው ሰባት ቀን ተቀምጧል። እስላሙ ለብቻው አብስሎ አምጥቶ አብሮ ተቀምጧል። እኔንም ማንም አላስነሳኝም፤ እኔ ግን ከሁሉ ኋላ ነበርኩ።

በሰባተኛው ቀን የሺ አስጠራችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ሄድኩ። «ያሳፈረው ልጅህ ነው አሉ። ዳዊት ሲሳፈር ምን አለ? ፈርቶ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። «እንግዲያው የሚያውቀውን አምጣልኝ» አለች። ሌላ የጠየቀችው ነገር የለም።

አሁን የእኔን ልናገር። ወፍ እስከ መቃብር አይወጣም ብዬሃለሁ። እኔ አወጣዋለሁ፤ ኃጢአቱም በእኔ ይሁን።

ወፉ እኔ ነኝ።

ወረቀቱን ናጅዋ ያመጣችው ዕለት ነው ያወቅሁት። ሲሪንቃ ይዤህ ስሄድ በየመደቡ እንጨት ላይ ስም ጻፍ እልህ ነበር፤ አንተም ከዳር የማሽላ ዛላ ትስልበት ነበር። ተው ብልህ አትተውም። ባሕር በሚል ወረቀት ላይ ያንን ዛላ ሳይ በእጄ ያሳደግሁትን ልጅ አየሁ። ከዚያ ምን አደረግሁ? ዋጋው ደህና ነው ወይ ብዬ ጻፍኩልህ። ሰው ፊቱ እንዳይቀላ አዙሬ መጠየቅ ጨዋነት መስሎኝ። ራሱ ይንገረኝ፣ ራሱ ይንገረኝ እያልኩ ሁለት ወር ጠበቅሁ። በሁለተኛው ጁምዓ ለሸህ ኡበይደላ ጆሮ የነገርኩት እኔው ነኝ፤ አጠገቤ ተቀምጦ የመለሰልኝም ያንኑ ነው። በቀጥታ «አንተ ነህ ወይ?» ብልህ ኖሮ ናጅዋ ሻንጣዋን ባልያዘች ነበር። የጳጉሜኑን አልመልሰውም፤ የታኅሣሡን ግን ማስቀረት ስንችል ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እያልኩ ሳስተምራችሁ ኖሬ እኔው አደፈረስኩት። አፉ የሚባል ካለ መጀመሪያ እኔን አፉ በለኝ።

ስለዚህ ከሾላው ሥር ሁለታችን ነን የምንቆመው። እኔ እያወቅሁ ስለቆየሁበት፣ አንተ ስለጻፍከው። ቢፈርዱብንም አብረን ነው።

እፈራለሁ ብለሃል። ፍራ። ፈርተህ ና። ሳጥን ግርጌ ያለውን ብር ለየሺ ልስጣት ብዬ አስቤ ነበር፤ ሲቲ ከለከለችኝ፤ «ብር አይደለም የጠየቀችው» አለች። የዳዊትን የመጨረሻ ቃል የሚያውቅ ሰው ከአንተ በቀር የለም። «አንተ ካለህበትማ» ያለህን ለእናቱ በራስህ አፍ ትነግራታለህ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ሀይሉ ነው። እኔ አልለመንኩትም፤ ራሱ ነው ስጠኝ ያለኝ። መንገዱን ሁሉ አያናግርህ ይሆናል። ጭነቱን እንዳራገፈ ይመለሳል፤ የፊት ወንበሩን ባዶ ይዞልሃል።

አጎትህ አብዱልሐሊም